የተባረከው ቆጣሪዬ

የአንድን ሰፈር ኃጢአት ማወቅ የፈለገ ሰው ንስሐ አባት አይጠይቅ፤ ፓስተርም አያድክም። «የመብራት ቆጣሪ ሊቀየር ነው!» ብሎ ማስወራት ብቻ ይበቃዋል። በአንድ ቀን ሁሉም ይወጣል… ከጣሪያ ሥር፣ ከአጥር ላይ፣ ከቁም ሳጥን ጀርባ! ተደብቆ የኖረው ሽቦ ሁሉ እንደ ክረምት እባብ ራሱን ብቅ ያደርጋል።

እኔ ይህን ያየሁት ነገሌ ቦረና ነው። አገሬ ግን ሆሳዕና ነው። ወደዚህ የመጣሁት «ለስድስት ወር ብቻ» ተብዬ፣ ለአንድ ክሊኒክ ነርስነት ነበር። ስድስት ወሩ ጸጉሬን አሸብቶ፣ ጡረታ አስወጥቶኝ፣ ገና አላለቀም። ከሙቀቱም ከአቧራውም ተስማማሁ። ያልተስማማሁት ከአንድ ነገር ጋር ነው፤ ቆጮ የሚያውቅ ሰው የለም! አንዴ ከአገር ቤት ተልኮልኝ ለጎረቤት ባቀምስ፣ በጥርጣሬ አላምጠው ሲያበቁ «ሲስተር፣ ይሄ ለምን በሽታ ነው የሚሰጠው?» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ በሬን ዘግቼ ብቻዬን ነው የምበላው።

እና በሰው አገር የሰው ሀብቱ ምንድን ነው? መሬት የለኝም፣ ከብት የለኝም፣ ዘመድ የለኝም። ያለኝ ስሜ ነው። «ሲስተር አትዋሽም፤ ሲስተር የሰው ነገር አትነካም።» ይቺን ስም እንደ ክሊኒክ መርፌዬ ቀቅዬ፣ አድርቄ፣ ሸፍኜ ነው የያዝኳት። ነገሬ ሁሉ በእሷ ላይ ነው፤ ይህን ያዙልኝ።

ወሬው የመጣው በባጃጅ ነው። ድምፅ ማጉያ የታሰረበት ባጃጅ አንዴ በኦሮምኛ፣ አንዴ በአማርኛ እየጮኸ ሰፈራችንን ዞረ። አሮጌ ቆጣሪ ሁሉ ተነቅሎ በካርድ በሚሠራ አዲስ ቆጣሪ ይተካል፣ ነዋሪው ቤቱ ሆኖ ይጠብቅ! ባጃጁ ገና ጥጉን ሳይዞር የሰፈሩ በሮች ተከፈቱ። እንደ ትልቅ ሰው ሞት ነው የተደነገጠው።

መጀመሪያ የደረሰችው ትርንጎ ናት። ትርንጎ የቀኝ ጎረቤቴ ስትሆን ባሏ እዚሁ ከተማ ባለው የጦር ካምፕ ወታደር ነው። ጎጃሜ ናት፤ ምላሷ ከባሏ መሣሪያ ቀድሞ ይተኩሳል። እኔን ስትጠራ «ጴንጤዋ» ትለኛለች፤ ስትቸገር ብቻ «ሲስተር» እሆናለሁ። የዚያን ዕለት ሲስተር ነበርኩ።

«ሲስተር፣ ሰማሽ ጉዱን? አዲሱ ቆጣሪ ተኝተንም ይቆጥራል አሉ!»

«አሮጌው ሌሊት ሌሊት ፈቃድ ይወስድ ነበር?»

«ትቀልጃለሽ! ከሳተላይት ጋር ነው አሉ የሚነጋገረው። ቤት ውስጥ የምንሠራውን ሁሉ ያያል።»

«ምን ትሠሪያለሽና ነው የምትፈሪው?»

ዝም አለች። ትርንጎ ዝም ስትል አንድ ነገር አለ ማለት ነው። ያለውን ነገር ደግሞ ሰፈሩ በሙሉ ያውቀዋል፤ ቆጣሪዋ ዘመም ያለ ነው። «ቆጣሪ ሲዘም ይዘገያል» የሚል ብልህ ሰው ነግሯት፣ ምስኪኑን ቆጣሪ አንገቱ እንደተጣመመ ዶሮ አዘንብላ ሰቅላዋለች። ሲጠይቋት «ግድግዳው ሰምጦ ነው» ትላለች። ከጎኑ የተሰቀለው ካላንደር ግን እንደ ሰልፈኛ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ግድግዳው የሚሰምጠው ለቆጣሪ ብቻ ነው!

ሁለተኛዋ አዴ ሎኮ ናቸው። ወተት የሚሸጡ፣ ዕድሜያቸውን እሳቸውም የማያውቁት የቦረና እናት ናቸው። ለሁሉም ሰው «አንቺ» ነው የሚሉት፤ ለፖሊስም፣ ለወረዳው ሹምም።

«ሲስተር፣ አካም? ናጋ?»

«ናጋ፣ አዴ ሎኮ። ምነው ፊትዎ ጠቆረ?»

«ካርድ አለው አሉ። ካርድ ሲያልቅ ኢብሳ፣ መብራቱ፣ ይሄዳል አሉ። እኔ ካርድ የለኝም፤ መታወቂያም ጠፍቶብኛል።»

«አዴ ሎኮ፣ እርስዎ እኮ ቆጣሪም የለዎትም!»

«እሱማ የለኝም» አሉ፣ ረጋ ብለው። «ኢብሳ ግን አለኝ።»

እውነታቸውን ነው። ከትርንጎ ቤት የወጣ ሽቦ በቁልቋል አጥሩ ላይ ተንጠልጥሎ ሄዶ የአዴ ሎኮን አንድ አምፖል ያበራል። አንዴ ፍየላቸው ሽቦውን ቅጠል መስሏት ብታኝከው ወደ ላይ ዘለለች፤ ከዚያ ወዲህ የሰፈሩ ፍየል ሁሉ በዚያ አጥር ሲያልፍ አንገቱን ደፍቶ ነው።

አሁን አንባቢዬ፣ እኔ በዚህ መሐል ምን ተሰማኝ? እውነቱን ልናገር። ናቅኋቸው! «ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል» ብዬ በልቤ ተረትኩባቸው። ሰው እንዴት በመብራት ያጭበረብራል? ብርሃን እየሰረቁ በብርሃን መመላለስ አለ? እኔ ቆጣሪ የሚቀየረው ነገ ጠዋት ቢሆን፣ ዛሬ ማታም ቢሆን፣ ምንም አልፈራም። የእኔ ቆጣሪ ተራ ቆጣሪ አልነበረማ! የእኔ ቆጣሪ የተባረከ ነበር።

ይህን ለመረዳት ወደ ኋላ ልመልሳችሁ። ቤቱን የገዛሁት የጦር ክፍሉ ወደ ሌላ አገር ከተዛወረበት አንድ የሃምሳ አለቃ ነው። ሰውዬው ዕቃው ተጭኖ፣ መኪናው እያጣደፈው፣ ቤቱን አዙሮ አሳየኝ። ጓዳው ግድግዳ ላይ የእንጨት እጀታ ያላት አንዲት ወፍራም ማብሪያ ነበረች። እሷ ጋ ሲደርስ ድምፁ ቀነሰ።

«ሲስተር፣ ይቺን እንዳይነኳት። አደገኛ ናት።»

«ከተነካች ምን ይመጣል?»

«ችግር ይመጣል» አለኝ፣ መሬት መሬት እያየ። እኔ ደግሞ የለመደውን ቤት ትቶ መሄዱ ከብዶት መሰለኝና አዘንኩለት። ጸልዬለት ሁሉ ነው የሸኘሁት!

እኔ ጥንቁቅ ሰው ነኝ። ነርስ ነኛ! አደገኛ ነገር ይሸፈናል፤ ይህን ክሊኒክ ያስተማረኝ ነው። ስለዚህ ከሆሳዕና ይዤው የመጣሁትን፣ ልጅ ሆኜ እናቴ አጠገብ ተቀምጬ በቀይ ክር የጠለፍኩትን ነጭ ጨርቅ አውጥቼ ማብሪያዋ ላይ ሰቀልኩት። ጨርቁ ላይ የተጠለፈው ምን መሰላችሁ? «እግዚአብሔር ያያል።» ቅዳሜ ቅዳሜ አቧራውን አራግፈዋለሁ። ለፋሲካና ለገና ሳጥበው እንኳ እጄ ማብሪያዋን እንዳይነካ ዓይኔን ጨፍኜ ነው የማወርደው። እንዲህ ዓይነት ጥንቃቄ ነው!

ከዚያማ ተአምሩ ተጀመረ። ጓዳዬ ውስጥ ፍሪጅ አለ። ምድጃ አለ። ካውያ አለ፤ ካውያው ደግሞ ቀልድ አይደለም፣ የቤተ ክርስቲያናችንን የመዘምራን ልብስ በሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ የምተኩሰው እኔ ነኝ። ለጌታ እራት የሚሆነው የዘቢብ ጭማቂም የሚቀመጠው እኔው ፍሪጅ ውስጥ ነው። ይህ ሁሉ እየሆነ፣ በረንዳዬ ላይ የተሰቀለችው አሮጌ ጥቁር ቆጣሪ መንኰራኩሯን የምታዞረው እንደ ምርኩዝ ያዥ ባልቴት ነበር… አንድ እርምጃ ሄዳ ታርፋለች፣ አንድ እርምጃ ሄዳ ትተክዛለች። ቆጣሪ አንባቢው በየወሩ መጥቶ ቁጥሯን ይጽፍና ወደ ቤቱ ውስጥ አንገቱን ያሰግጋል።

«ሲስተር፣ እዚህ ቤት ሰው ይኖራል?»

«ቁጠባ ነው ልጄ» እለዋለሁ። «ቁጠባና በረከት።»

በረከቱን ለራሴ ይዤው ብቀር ምናለበት! አልቀረሁም። በሴቶች የጸሎት ቡድናችን ፊት ቆሜ መሰከርኩ። «የመበለቲቱ ዱቄት ከማድጋው እንዳላለቀ የእኔም ቆጣሪ አይሞላም! ጌታ ቆጣሪዬን ያዘልኝ!» አልኩ። ሃሌ ሉያው ጣሪያውን አነሣው። ወንጌላዊያችን ነገሩን ሰምቶ ሦስት እሑድ ሰበከበት። አንዲት እህት ከወደራ ድረስ በሚኒባስ መጥታ በረንዳዬ ላይ ቆጣሪዋ ላይ እጇን ጭና ጸለየች። ደግነቱ ጫማዋ ፕላስቲክ ነበር።

ስለዚህ የባጃጁ ወሬ ሲመጣ የእኔ ጭንቀት ከሰፈሩ ጭንቀት ይለይ ነበር። «በረከቱ ወደ አዲሱ ቆጣሪ ይሸጋገራል ወይስ ከአሮጌው ጋር ወደ መጋዘን ይሄዳል?» ስቃችሁ ስትጨርሱ ልቀጥል…

ይህን እያሰብኩ ግን ሌላውን ከማስተማር አልቦዘንኩም። «የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች» የተባለችው ሴት ነገሌ መጥታ ብታየኝ ቦታዋን ለቃልኝ ትሄድ ነበር። በር በር እያንኳኳሁ ገሠጽኩ። «ጊዜ ሳለ ሽቦውን አውርዱ! መዝገቡ ሳይገለጥ ንጹሕ ሁኑ!»

«አንቺ ደግሞ፣ መጥምቁ ዮሐንስ ሆንሽ እንዴ?» አለችኝ ትርንጎ፣ ወንበር ላይ ቆማ ቆጣሪዋን ስታቃና። «እሱስ ምድረ በዳ ሄዶ ነው የጮኸው። ምናለ አንቺም ሄደሽ አሬሮ በረሃ ብትጮሂ!»

«አንገቱን ቀስ ብለሽ አቅኚለት፤ ለምዶበታል።»

«እሺ ጴንጤዋ፣ ያንቺን ደግሞ እናያለን።»

«እዩዋ! በአደባባይ ነው የማስቀይረው!»

ካፍ ከወጣ አፋፍ! ያን ጊዜ ምላሴን ብነክሰው ኖሮ ይህን ወግ ዛሬ አታነቡትም ነበር።

እኔማ በእልኬ ለሠራተኞቹ ሰው ልኬ «ከእኔ ቤት ጀምሩ፤ ሰፈሩ አይቶ ይማር» አልኩ። አሮጌዋንም ቆጣሪ ለምስክርነት እንዲተዉልኝ ለመጠየቅ አሰብኩ፤ ሳሎን ውስጥ ቦታ ሁሉ አዘጋጅቼላታለሁ። የጸሎት ቡድኑን ሴቶች ጠራሁ። ወንበር ደረደርኩ። ዳቦ ቆረስኩ፣ ቀዝቃዛ ውኃ ከፍሪጄ አወጣሁ። አዴ ሎኮ ከፊት ተቀመጡ፤ ትርንጎ እጇን አጣጥፋ ቆመች። ሠርግ ነው እንጂ የቆጣሪ ቅየራ ማን ይለዋል!

የመጣው ሠራተኛ ገልገሎ ይባላል። ክብረ መንግሥት ሠርቶ በቅርቡ ወደ ነገሌ የተመለሰ የዚሁ አገር ሰው ነው፤ ባለ ሁለት ልጅ አባት። መሰላሉን ሳያስደግፍ ኮፍያውን አውልቆ እጅ ነሣኝ።

«ሲስተር፣ አላወቁኝም? ልጅ ሆኜ የከተቡኝ እኮ አንቱ ነዎት። ጠባሳው አሁንም ክንዴ ላይ አለ።»

«ሰማችሁ!» አልኩ ወደ ሕዝቡ ዞሬ። የኩራቴ የመጨረሻዋ ደቂቃ እሷ ናት።

ገልገሎ መሰላሉን ወጣ። የቆጣሪዋን ማኅተም ቆረጠ፣ ሽቦዎቿን አንድ በአንድ ፈታ፣ ከግድግዳው ላይ አወረዳት። የበረንዳው መብራት ጠፋ። የሳሎኑ ማራገቢያ ክንፉን እየጎተተ ቆመ። ሴቶቹ እንደ ቀብር ራሳቸውን ነቀነቁ። ጸጥ አለ። በዚያ ጸጥታ ውስጥ ከጓዳዬ በኩል አንድ ድምፅ ተሰማ…

እእእእእእ…

ፍሪጄ ነው። ፍሪጁ ላይ የተቀመጠው ቴፕም መዝሙሩን እንደያዘ ነው፤ አዝማቹ ላይ ደርሷል።

ገልገሎ ቆጣሪዋን በእጁ እንደያዘ ተመለከታት። እኛም ተመለከትናት። ቆጣሪ በሰው እጅ ላይ፣ ፍሪጅ በሥራ ላይ! ከጸሎት ቡድኑ አንዷ ከወንበሯ ብድግ አለች።

«ተአምር!»

«ሃሌ ሉያ!» አሉ ሌሎቹ።

ማን ቀድሞ እልል አለ ብትሉኝ… እኔ። እኔው ነኝ! እጄን ዘርግቼ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ከሁሉም አስበልጬ አልኩ። በረከቱ ወደ መጋዘን አልሄደም፤ ያለ ቆጣሪም ይሠራል!

እልል ያላለው ገልገሎ ብቻ ነው።

«ሲስተር፣ ጄኔሬተር አለዎት?»

«የለኝም።»

«ሶላር?»

«የለኝም ልጄ። ያለኝ ጌታ ብቻ ነው።»

ገልገሎ ወደ ላይ አንጋጠጠ። ጌታን የፈለገ መስሎኝ ነበር። ሽቦ ነበር የፈለገው! ዓይኑን ከምሰሶው ወደ ጣሪያው፣ ከጣሪያው ክፈፍ ሥር ወደ ግድግዳው ስንጥቅ እያስኬደ፣ «ያ ዋቃ… አምላኬ…» እያለ በቀስታ ወደ ጓዳ ገባ። ተከትዬው ገባሁ። ጨርቄ ፊት ሲደርስ ቆመ። አነበበው። ጉሮሮውን ጠራረገ።

«ሲስተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና… ይቺን ላንሣት?»

«ጥቅሱን?»

«ጥቅሱን እንኳ አይደለም። ከጥቅሱ ጀርባ ያለውን ነው።»

«እንዳትነካው! አደገኛ ነው!»

«ማን አለዎት?»

«የሃምሳ አለቃው።»

ገልገሎ ጨርቁን እንደ ሕፃን በሁለት እጁ አውርዶ ሰጠኝ። የእንጨት እጀታዋን ይዞ ወደ ታች ሳባት። ፍሪጁ አንድ ጊዜ ተንፍሶ ዝም አለ። መዝሙሩ ከቃሉ መሐል ተቆረጠ።

«ሲስተር» አለኝ፣ እንደ ሐኪም ድምፁን ዝቅ አድርጎ። እኔ ለስንት ሰው እንዲህ ባለ ድምፅ ክፉ ውጤት ነግሬያለሁ መሰላችሁ! «የጓዳው መብራት በቆጣሪ አያልፍም። ከምሰሶው በቀጥታ ነው የሚመጣው። ሰውዬው ቀጥሎት ነው የሄደው።»

በዓይነ ሕሊናዬ ሁሉም በተራ አለፈ። ፍሪጁ… ምድጃው… ቀጥ ብለው የተተኮሱት፣ እጥፋታቸው እንደ ምላጭ የሚቆርጠው የመዘምራን ልብሶች… የዘቢቡ ጭማቂ! ምእመናን በሰረቅሁት መብራት በቀዘቀዘ ጽዋ! ከወደራ የመጣችው እህት እጇን ጭና የጸለየችው ለምን ነበር? ሥራ ፈትታ ለተቀመጠች ቆጣሪ! የሃምሳ አለቃውስ? «ችግር ይመጣል» ነበር ያለኝ። አልዋሸም። ለማን እንደሚመጣ ብቻ ነው ሳይነግረኝ የሄደው።

ገልገሎ የጓዳውን በር ገርበብ አደረገው።

«ሲስተር፣ ያየነው ሁለታችን ነን። ሽቦውን ቆርጬ እጥለዋለሁ። ለእነሱ ‹ፍሪጁ የውስጥ ባትሪ አለው› እላቸዋለሁ።»

«ፍሪጅ ባትሪ የለውም።»

«እኔና አንቱ ነን የምናውቀው! የከተቡኝን እናት በሰፈር ፊት ላዋርድ?»

አሁን አንባቢዬ፣ «ሲስተር ቀና ብላ እምቢ አለች» እንድላችሁ ትጠብቁ ይሆናል። አትጠብቁ! እንዲያውም ልብ ብላችሁ ስሙኝ፤ የፍሪጅ ባትሪ ምን ያህል ትልቅ እንደሚሆን፣ በየት በኩል እንደሚገባ በልቤ ማሰብ ጀምሬ ነበር። በሰው አገር ያለኝ ስሜ ብቻ ነው ብያችኋለሁ። እሷን ካጣሁ ምን ይዤ ሆሳዕና እገባለሁ? ምንስ ይዤ ነገሌ እኖራለሁ?

ውጭ ሴቶቹ የምስጋና መዝሙር ጀመሩ። ስለ ፍሪጄ ነው! አንዷ በስልክ ለወንጌላዊው ስትነግር ሰማኋት። «አዎ፣ ያለ ቆጣሪ! በዓይናችን!» አራተኛው ስብከት ታየኝ። ከወደራ አንዲት እህት ሳትሆን ሙሉ አውቶቡስ ሲመጣ ታየኝ። ፍሪጄን ሲነኩ፣ በሩን ከፍተው ሲሳለሙ፣ እኔ ደግሞ አጠገቡ ቆሜ ስመሰክር… ዕድሜ ልክ! እጄ ላይ ያለውን ጨርቅ አየሁት። በስምንት ዓመቴ «ያ»ን አጣምሜ ጠልፌው እናቴ አስፈትታኛለች፤ እንደገና ስጠልፈው መርፌው ጣቴን ወግቶኛል። የደሜ ነጥብ ዛሬም አለ።

ወጣሁ።

«እህቶቼ፣ መዝሙሩን አቁሙ። ተአምር አይደለም።»

«ምንድን ነው ታዲያ?»

«ስርቆት ነው።»

ዓይን ሁሉ እኔ ላይ አረፈ። ዓይናቸው ስለከበደኝ ሳልፈልግ አንድ ነገር ጨመርኩ፤ የአብዬን ወደ እምዬ እንደሚባለው።

«የዘረጋው… የሃምሳ አለቃው ነው።»

ትርንጎ እጇን ከብብቷ አወጣች።

«የመዘምራኑንም ልብስ ሲተኩስ የከረመው የሃምሳ አለቃው ነው?»

«አንገት ደፊ፣ አገር አጥፊ!» አለች። ዐረፍ ብላ ደግሞ፣ «የእኔን ቆጣሪ አንገት ስትቆጥር ኖራ!» አለች። እውነትም ቆጥሬ ነበር።

ገልገሎ ቅጽ አወጣ። ፊቱ ከእኔ ይበልጥ ቀልቷል። ቅጹ ላይ «ደንበኛው ያውቅ ነበር ወይስ አያውቅም?» የሚል ጥያቄ አለ፤ ሁለት ሳጥን፣ አንዱ ላይ ምልክት ይደረጋል። አላውቅም ነበር። ከልቤ አላውቅም ነበር! ብዕሩን ወደ «አያውቅም» ሳስጠጋ ግን ያ ቆጣሪ አንባቢ ታወሰኝ። «እዚህ ቤት ሰው ይኖራል?» በየወሩ ነው የጠየቀኝ። እኔ በሽተኛ ትኩሳት ሳይኖረው ሲያልበው ምክንያቱን ሳላገኝ የማላድር ሴት፣ ቆጣሪዬ ለምን እንደማትሮጥ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅሁም። ለምን ልጠይቅ? መልሱ ተመችቶኝ ነበር! «አያውቅም» የሚለው ሳጥን ላይ ምልክቱን አድርጌ ከሥሩ ጻፍኩ። «መጠየቅ ነበረብኝ፤ አልጠየቅሁም።»

«ሲስተር፣ እዚህ ጋ ምልክት ብቻ ነው። ዐረፍተ ነገር አይጻፍም።»

«ጽፌያለሁ ልጄ። ይዘኸው ሂድ።»

አሮጌዋንም ቆጣሪ ይዟት ሄደ። ለማስቀረት አልጠየቅሁም።

እሑድ ተነሥቼ በጉባኤ ፊት ምስክርነቴን መለስኩ። ስመሰክር ጣሪያውን ያነሣው ሃሌ ሉያ ስመልስ የት እንደገባ እንጃ። ወንጌላዊውን ረጅም ሳል ያዘው፤ ሦስት ስብከት መዋጥ ቀላል አይደለም። መዘምራኑም አንገታቸውን ወደ ልብሳቸው እጥፋት ደፍተው ቆሙ። ያጠፋሁትም በሕጉ ተገምቶ፣ የሚገባው ሁሉ ይፈጸማል፤ ያ የእኔና የመሥሪያ ቤቱ ጉዳይ ነው።

የሰፈሩም ቆጣሪ ሁሉ ተቀየረ። የሁሉም ቤት ሲፈተሽ የትርንጎ ቆጣሪ ተራ ደረሰ። ገልገሎ አወረደው፣ የመዝመሙን ወሬ ሰምቶ ኖሮ አገላበጠው፣ «መዝመሙ አንገቱን ከማሳመም በቀር ምንም አልፈየደም፤ በትክክል ሲቆጥር ነው የኖረው» አለ፤ የአዴ ሎኮም አምፖል በዚያው ሲቆጠር ኖሯል። እንግዲህ ጉዱን እዩ! ሰፈሩ በሙሉ ሌባ ለመሆን ደፋ ቀና ሲል፣ የተሳካለት ሌባ አንድ ብቻ ሆኖ ተገኘ። እሱም በር በር እያንኳኳ ሲገሥጽ የነበረው!

ምስክርነቴን በመለስኩ በሦስተኛው ቀን ሊያጽናኑኝ መጡ። ስሟ እንደሞተባት ሴት ነው የተቆጠርኩት፤ ትርንጎ ዳቦ ይዛ፣ አዴ ሎኮ በቅል ወተት ይዘው። እኔ መዶሻ ይዤ ነበር። ጨርቄን አጥቤ፣ ተኩሼ (በአዲሱ ቆጣሪ!) መልሼ ልሰቅለው ስል ነው የደረሱት። ምስማሩን ከመምታቴ በፊት ግድግዳውን በጣቴ አንኳኳሁ፣ ከላይ እስከ ታች። ምንም የለም። ጭቃ ብቻ ነው። ሰቀልኩት።

አዴ ሎኮ ክንዴን ያዙኝ።

«ህንሶዳቲን ሲስተር። አትፍሪ። እኔም ወስጃለሁ፣ አንቺም ወስደሻል። እኔ ከአጥር፣ አንቺ ከጥቅስ።»

ይህ ማጽናኛ ነው እንግዲህ! ሻይ ቀዳሁ። ትርንጎ ሻዩን ሳትነካ ጨርቁን ትኩር ብላ እያየች ቆየች። ከንፈሯ ጫፍ ላይ አንድ ነገር እንዳለ አወቅሁ፤ ለእሷ ደግሞ አንድ ነገር ይዞ መቆየት እንደ ትኩስ ድንች ነው።

«በይ ተንፍሺው» አልኳት።

«ምንም። ጥቅሱ ግን አልተሳሳተም እያልኩ ነው።»

«እንዴት?»

«‹እግዚአብሔር ያያል› ነው የሚለው» አለችና ዳቦዋን ቆረሰች። «‹ሲስተር ታያለች› የሚል የት ተጽፏል?»